ምዕራፍ ሰባት፦ እንግዳ ሲመጣ ማሰሮ የሚሆነው አገልጋይ

ዲማን በእግሩ ረግጦ የማያውቅ አንባቢ እንኳ ዲማን ያውቃታል። ደራሲው ሀዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቀው እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወልደው፣ ቅኔ ፍለጋ ከደብር ደብር ሲዘዋወሩ ዲማ ጊዮርጊስም ተቀምጠው ተምረዋል። በ1958 ዓ.ም. ልብ ወለዳቸው «ፍቅር እስከ መቃብር» ታትሞ ሲወጣ የባላባቱ የፊታውራሪ መሸሻ ግቢ የቆመው እዚያው ዲማ ላይ ነበር። ኋላም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው፣ ማንበብ የማይችለው ሰው ሳይቀር ለፍቅረኞቹ ለሰብለ ወንጌልና ለበዛብህ አለቀሰ።

ሰው ስለዚህ መጽሐፍ ሲያወራ የሚያነሣው ፍቅሩን ነው። ለዚህ ምዕራፍ የሚያስፈልገኝ ግን ብዙ ጊዜ ቶሎ የሚታለፈው የገበሬዎቹ አመፅ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ከልማድ በላይ የሆነ ግብር በገበሬዎቻቸው ላይ ይጭናሉ። ገበሬዎቹ ተሰብስበው ይመክሩና አንገብርም ይላሉ። ፊታውራሪው ሊያስገብሩ ይዘምታሉ፤ በአበጀ በለው የሚመሩት ገበሬዎችም ጌታቸውን ይማርካሉ። እኔ ደጋግሜ ሳነበው የሚታየኝ፣ ፊታውራሪውን ያንገበገባቸው የቀረባቸው ማር ወይም የጎደለው ሙክት አለመሆኑን ነው። ያንገበገባቸው ገበሬው አፍ ማውጣቱ ነው። ትከሻውንና እጁን ብቻ የሚያውቁለት ሰው በአንድ ጊዜ የሚመክር፣ መልእክት የሚልክ፣ መብት የሚጠይቅ ሆኖ መጣባቸው።

ስለ ሰው ሠራሽ ፍጡራን በሚናገር መጽሐፍ ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻ ምን አመጣቸው የሚል ሰው አይፈረድበትም። መልሱን ለማግኘት ከዲማ ወደ ፕራግ መሻገር ያስፈልጋል።

በጥር 1921 እ.ኤ.አ. በፕራግ ብሔራዊ ቴአትር «አር. ዩ. አር.» የተባለ ተውኔት ለሕዝብ ታየ። ደራሲው ካሬል ቻፔክ ነው። ዛሬ ዓለም ሁሉ «ሮቦት» የሚለው ፍጡር የተወለደው በዚህ መድረክ ላይ ነበር። ስሙን ያወጣለት የደራሲው ወንድም ሠዓሊው ዮሴፍ ሲሆን፣ የቼክ ጭሰኛ ለባላባቱ ያለ ክፍያ ይሠራው ከነበረው የግዳጅ ሥራ ወሰደው። ያ ሥራ በሕግ የቀረው በ1848 እ.ኤ.አ. ነው፤ ቻፔክ የተወለደው በ1890። ስለዚህ ቻፔክ ልጅ በነበረበት ጊዜ በባላባት ማሳ ላይ ጉልበታቸውን ገብረው ያደጉ ሽማግሌዎች በአገሩ ገና በሕይወት ነበሩ።

የቻፔክ ሮቦቶች ከብረት የተሠሩ አይደሉም። በፋብሪካ ውስጥ በትልልቅ ገንዳ ከሚቦካ ሕይወት መሰል ነገር የሚሠሩ፣ መልካቸው ከሰው የማይለይ ፍጡራን ናቸው። የፋብሪካው ዋና ዳይሬክተር ዶሚን ለእንግዳዋ ለሄለና አሠራሩን ሲያስረዳት አንድ የሚዘገንን ነገር ይነግራታል። ፋብሪካውን ያቋቋመው ወጣት መሐንዲስ የሰውን ተፈጥሮ መረመረና ለሥራ በቀጥታ የማያስፈልገውን ሁሉ ሰረዘ። መጫወት ለሥራ አያስፈልግም፤ መደሰትም፣ ወጥቶ መንሸራሸርም እንዲሁ። የቀረው ፍላጎቱ ከሁሉ ያነሰ ሠራተኛ ሆነ፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ረከሰ። ዶሚን ይህን የሚናገረው በጭካኔ አይደለም፤ ዳቦ ርካሽ እንደሚሆን፣ ከእንግዲህ ማንም ለእንጀራው ሲል እንደማይደክም አምኖ በደስታ ነው።

ፊታውራሪ መሸሻ ፋብሪካ አልነበራቸውም እንጂ የሚመኙት ገበሬ ይኸው ነበር። ለሥራ የማያስፈልገው የተሰረዘለት፣ እጅ ያለው አፍ የሌለው ፍጡር። ፕራግ በምናብ የሠራችውን ሰው የጎጃም ባላባት በትእዛዝ ሊሠራው ይሞክር ነበር።

ሁዳድን ያየ ይህን ያውቃል። የባላባቱ ወይም የመንግሥት የሆነው ማሳ ሁዳድ ይባል ነበር፤ የሚታረሰውም በአካባቢው ገበሬ ጉልበት ነው። የመንደሩ ሹም፣ ጭቃ ሹሙ፣ በዋዜማው ይለፍፋል። በማግሥቱ ገበሬው የራሱን በሬዎች ጠምዶ፣ ሞፈርና ቀንበሩን ተሸክሞ፣ ማረሻውንም ከቤቱ ይዞ ይወጣል። ከመሣሪያው አንድም የባላባቱ የለም። መሬቱና ምርቱ ግን የባላባቱ ነው። ዋናው ጉዳት ከድካሙ ይልቅ በጊዜው ላይ ነበር። ዝናቡ መሬቱን ያራሰበት ቀን ለሁዳዱም ለገበሬው ማሳም አንድ ነው፤ ቀድሞ የሚታረሰው ሁዳዱ ስለሆነ የገበሬው ጤፍ ዘግይቶ ይዘራል፤ ዘግይቶ የተዘራ ጤፍ ደግሞ ዝናቡ ቀድሞ ቢያቋርጥበት ሳያፈራ ይቀራል። በዚያ ቀን ሁዳድ ላይ የቆመው ሰው ልጆቹን፣ ማሳውንና ጭንቀቱን እቤቱ ትቶ እንዲመጣ የተፈለገ ሰው ነው። ከእሱ የሚፈለገው ክንዱ ብቻ ነበር።

እንግዲህ በዚህ ዓይነት ኑሮ ውስጥ ያለ ሕዝብ ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ የሚፈራውን ነገር ሲያወራ ምን ያወራል?

በአማራው አገር በሰፊው ከሚነገሩት የሚያስፈሩ ታሪኮች አንዱ የቡዳ ታሪክ ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. ሮናልድ ሬሚኒክ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ሰብዕ ተመራማሪ በመንዝ የሰበሰበውን አሳትሟል፤ ተመሳሳዩ ግን በጎጃምም በጎንደርም ይነገራል። ቡዳ የበላው ሰው ይታመማል፣ ይሞታል፣ ይቀበራል። ታሪኩ ግን በመቃብር አያበቃም። ቡዳው ሌሊት ሄዶ ሬሳውን ያወጣል፤ ነፍስ ይዘራበታል፤ ወደ ቤቱ ወስዶም አገልጋይ ያደርገዋል። ሟቹ ለዓመታት ያገለግላል። ሰው ወደ ቤቱ ሲመጣ ቡዳው በልዩ አርጩሜ መታ ያደርገዋል፤ አገልጋዩም ማሰሮ ይሆናል። እንግዳው ገብቶ ይቀመጣል፣ ይጠጣል፣ ይጫወታል፤ ጥግ ላይ የተቀመጠውን ማሰሮ ያየዋል፤ ጎረቤቱ መሆኑን ግን አያውቅም። እንግዳው ሲወጣ አርጩሜው እንደገና ያርፋል፤ ማሰሮው ሰው ሆኖ ወደ ሥራው ይመለሳል።

ስለ ሮቦትና ስለ ሰው ሠራሽ አእምሮ ከተጻፉት መካከል የዚህን ታሪክ ያህል በጥቂት ነገር ብዙ የተናገረ አላጋጠመኝም። የማይከፈለው፣ የማይመገብ የሚመስል፣ ስሙ የጠፋ፣ ቀብሩ የተፈጸመ ሠራተኛ አለ። ሥራው በቤቱ ውስጥ ይታያል፤ ሠራተኛው ግን አይታይም። እንግዳ በመጣ ጊዜ ዕቃ ይሆናል። ታሪኩን የሚያወሩት ሰዎች ባሪያ በየመኳንንቱ ቤት ሲፈጭ፣ ውኃ ሲቀዳ፣ እንጨት ሲለቅም ያዩ ሰዎች ነበሩ፤ ባርነት በኢትዮጵያ ሕግ ለመጨረሻ ጊዜ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ገበሬው ከድህነት በታች፣ ከገባርነት በታች ሌላ ደረጃ እንዳለ በዓይኑ ያየ ነበር። የሚያስፈራው ሞት ብቻ አልነበረም፤ ሞትም ከሥራ እንዳያሳርፈው ነው።

እዚህ ላይ ግን ሳልናገር የማላልፈው ግፍ አለ። ቡዳ ተብሎ የሚከሰሰው ማን ነው? ባላባቱ አይደለም። ብረት ቀጥቃጩ ነው፣ ሸክላ ሠሪዋ ናት፣ ሸማኔውና ፋቂው ናቸው። መሬት የተነፈጋቸው፣ በጋብቻ የተገለሉ፣ በእጃቸው ሙያ የሚያድሩ ሰዎች። ገበሬው ያለ ማረሻና ያለ ማጭድ አንድ ዓመት አይኖርም፤ ሁለቱም የሚመጡት ከቀጥቃጩ እጅ ነው። በእሳት ድንጋይ የመሰለውን ብረት አለስልሶ ቅርጽ የሚያስይዝ ሰው፣ ርስት ሳይኖረው በሕይወት የሚኖር ሰው፣ ለገበሬው የማይገባው ኃይል ያለው መሰለው። ስለዚህም አንዱ ድሃ ሌላውን ድሃ ከሰሰ። ጉልበቱን በግልጽ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በጭቃ ሹም ልፈፋ የሚወስድበት ጌታ እያለ፣ ጉልበቱን በሌሊት ይወስድብኛል ብሎ የጠረጠረው የመንደሩን ቀጥቃጭ ነው። በዚህ ክስ የተነሣ የተደበደቡና ከቀዬአቸው የተባረሩ ሰዎች ነበሩ፤ የመገለሉም ጠባሳ ዛሬም አልጠፋም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው የሚሰድብ እንደሚቀጣ በአዋጅ አስነግረዋል። አዋጅ ማስፈለጉ ራሱ ነገሩ ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደነበር ያሳያል።

ፍርሃቱ እውነተኛ ነበር፤ አድራሻውን ግን ስቷል። ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም፤ በዚህ ምዕራፍ በምናነሣቸው ታሪኮች ሁሉ ደጋግሞ ይመጣል። በቻፔክ ተውኔት ውስጥ ሥራ ያጡ ሠራተኞች በመጀመሪያ የተነሡት በሮቦቶቹ ላይ ነው፤ ይሰባብሯቸዋል። መንግሥታት ደግሞ ሮቦቶቹን አስታጥቀው ሠራተኛው ላይ ያዘምቷቸዋል። ድርጅቱ በዚህ ሁሉ መሀል ማምረቱንና መሸጡን አያቋርጥም። ኋላ ሮቦቶቹ ራሳቸው ያምፁና የሰውን ዘር ያጠፋሉ፤ ከሁሉም አንድ ሰው ብቻ ይተርፋል፤ ግንበኛው አልኪስት። ያስተረፉት እንደ እነሱ በእጁ ስለሚሠራ ነው። ደራሲው የመደቡን መስመር የት እንዳሰመረ ከዚህ በላይ ግልጽ ማድረግ አይቻልም፤ መስመሩ በሰውና በማሽን መካከል ሳይሆን በሚሠራና በሚያሠራ መካከል ነው የተሰመረው።

ከዲማና ከፕራግ ቀጥሎ የሚመጣው ሦስተኛው ስፍራ ሄይቲ ነው። ዞምቢ ዛሬ በፊልም ሰው እያሳደደ የሚበላ ፍጡር ሆኗል። በሄይቲ ሲወለድ ግን ማንንም አይበላም ነበር፤ ሠራተኛ ነበር። ጠንቋይ ከመቃብር አውጥቶ በማሳ የሚያሠራው፣ የማይናገር ሬሳ። ታሪኩን የፈጠሩት በሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ በፈረንሣይ ቅኝ ገዥዎች ጅራፍ ሲሠሩ የኖሩ አፍሪካውያን ባሮችና ልጆቻቸው ናቸው። ለባሪያ ሞት አንዳንዴ ዕረፍት ነው፤ ዞምቢ ማለት ዕረፍቱን የተነጠቀ ባሪያ ነው። ከመንዙ ታሪክ ጋር ያለው ተመሳሳይነት ያስደነግጣል፤ ሁለቱ ሕዝቦች ታሪኩን እርስ በርሳቸው አልተዋዋሱም። የተዋዋሱ ቢመስሉ፣ ሁለቱም ያዩት ነገር አንድ ስለሆነ ነው።

ሄይቲ በ1804 እ.ኤ.አ. ነጻነቷን በባሮች አመፅ ተቀዳጀች። በ1915 የአሜሪካ ጦር አገሪቱን ያዘና ለመንገድ ሥራ የግዳጅ ጉልበትን እንደገና አመጣ። በ1929 ዊልያም ሲብሩክ የተባለ ጸሐፊ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ በአንድ የአሜሪካኖች የስኳር ኩባንያ እርሻ ላይ ዞምቢዎች ይሠሩ እንደነበር የሚነገረውን ወሬ ጻፈ። በ1932 የወጣው «ነጭ ዞምቢ» የተባለው ፊልም ደግሞ ሬሳዎቹን በስኳር መፍጫ ውስጥ ሲደክሙ ያሳያል፤ አንዱ መፍጫው ውስጥ ሲወድቅ ሌሎቹ መዞራቸውን አያቋርጡም። ጠንቋዩ ባለፋብሪካ ሆኗል። የሄይቲ ገበሬ ፍርሃቱን ያነጣጠረው ከእኛ ይልቅ ወደ ትክክለኛው ቤት የቀረበ ይመስለኛል።

ወደ እንግሊዝ ስንመጣ ከጭሰኛው ወደ ባለሙያው ሠራተኛ እንሻገራለን። በ1811 እ.ኤ.አ. በኖቲንግሃም አካባቢ ካልሲ የሚሠሩ ባለሙያዎች ሌሊት እየተሰበሰቡ የሹራብ ማሽኖችን መስበር ጀመሩ። ሉዳይት ተባሉ፤ ዛሬ ቃሉ አዲስ ነገር የሚፈራ ሰው መስደቢያ ሆኗል። እነሱ ግን ከማሽን ጋር ጠብ አልነበራቸውም፤ ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ በማሽን የሠሩ ናቸው። የተቃወሙት ማሽኑ ያልሠለጠነ ሰው በርካሽ ለመቅጠርና የእነሱን ደመወዝ ለማውረድ መዋሉን ነው። መንግሥት ማሽን መስበርን በሞት የሚያስቀጣ ወንጀል አደረገ። በየካቲት 1812 ረቂቁ በላይኛው ምክር ቤት ሲቀርብ ወጣቱ ባለቅኔ ሎርድ ባይረን በምክር ቤቱ የመጀመሪያ ንግግሩን ያደረገው ለሠራተኞቹ ጥብቅና ቆሞ ነው። ሕጉ ከመጽደቅ አልዳነም።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1816 ክረምት፣ በጄኔቫ ሐይቅ ዳር በዚሁ በባይረን ቤት በተደረገ ጨዋታ ነበር የአሥራ ስምንት ዓመቷ ሜሪ ሼሊ «ፍራንከንስታይን»ን የጀመረችው። መጽሐፉ በ1818 ታተመ። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ሳይንቲስቱ ከሬሳ ቁራጭ የሰፋውን ጭራቅ ነው። እኔን የሚነካኝ ግን መሐል ላይ ያለው ክፍል ነው። በፈጣሪው የተጣለው ፍጡር ከአንድ ደሃ ቤተሰብ ጎጆ ጋር በተያያዘ ማጀት ተደብቆ ይኖራል። በግድግዳው ስንጥቅ ያያቸዋል፤ ቋንቋቸውን ይማራል፤ ድህነታቸውም ያሳዝነዋል። ስለዚህ ሌሊት ሌሊት ጫካ ገብቶ እንጨት እየለቀመ በራቸው ላይ ይከምራል። ጠዋት ሲወጡ የተከመረውን እንጨት አይተው ይደነቃሉ፤ ደግ መንፈስ ያመጣው ነው ይላሉ፤ ይመርቁታል። ጎልማሳው ልጅ እንጨት ለቀማ መሄዱን ትቶ ጎጆውን ይጠግናል፣ አትክልቱን ይኮተኩታል።

አንድ ቀን ፍጡሩ ሌሎቹ በሌሉበት ገብቶ ዓይነ ስውሩን አባት ያነጋግራል። አባትየው አያየውምና በደግነት ያነጋግረዋል። ልጆቹ ሲመለሱ አዩት። እንጨቱን ሲያመሰግኑ የኖሩት ሰዎች እንጨት ለቃሚውን ሲያዩ፣ አንዷ ራሷን ሳተች፣ ሌላዋ ሸሸች፣ ልጁም በዱላ ደበደበው። ጭራቅነቱ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን ክፍል ከማሰሮው ታሪክ ጎን አስቀምጡት። ሥራው ሲወደድ ሠራተኛው እንዳይታይ ይፈለጋል። እስካልታየ ድረስ ደግ መንፈስ ነው፤ በታየ ዕለት ዱላ ይነሣበታል። ፊታውራሪ መሸሻም ገበሬዎቼን አልጠላም ይሉ ይሆናል፤ ገበሬዎቹ ግቢው ድረስ ግብር አምጥተው፣ እጅ ነስተው፣ ተመልሰው እስከሄዱ ድረስ።

የአማርኛ ልብ ወለድ በሮቦት አይታወቅም። ይህን እንደ ድክመት የሚቆጥሩ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ሳይንስ ስለሌለን ነው ይላሉ። እኔ አልስማማም። ቻፔክ ለጭሰኛ ሥራ ምሳሌ የሚሆን ፍጡር መፍጠር ያስፈለገው፣ በእሱ ዘመን ሥራው ካለፈ ሰባ ዓመት ስላለፈው ነው። ሀዲስ ዓለማየሁ ሲጽፉ ግን ነገሩ በዓይናቸው ፊት ነበር። ምሳሌ አላስፈለጋቸውም፤ ገበሬውን ራሱን አቆሙት። ጉዱ ካሳን ከፊታውራሪው ዘመድ መካከል አውጥተው ሥርዓቱ ሰው ሠራሽ መሆኑን እንዲናገር አደረጉት። ሰው የሠራው ሥርዓት እንጂ እግዜር የደነገገው እንዳልሆነ የሚናገረውን ሰው ደግሞ ዲማ እብድ አለችው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ሰው ሠራሹ ነገር ገበሬው ሳይሆን ገበሬውን ገባር ያደረገው ደንብ ነው።

እውነተኛው ኑሮም ከልብ ወለዱ ብዙ አልራቀም። መጽሐፉ በወጣ በሁለት ዓመቱ፣ በ1960 ዓ.ም.፣ የቢቸናና የሞጣ ገበሬ በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ላይ ተነሣ። ገማቾችን ማሳው ውስጥ አላስገባም አለ፤ መሬቱ ሲለካና ሲመዘገብ ርስቱ ከእጁ የሚወጣ መስሎታልና። መንግሥት ጦር ላከ፣ አውሮፕላንም አዘመተ። መጨረሻ ላይ ግን ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ።

በእነዚያው ዓመታት ማሽኑ ራሱ መጣ፤ የመጣው ግን በጎጃም በኩል ሳይሆን በአርሲ በኩል ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. በስዊድን ርዳታ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በተለምዶ ካዱ የሚባለው፣ ተቋቋመ። ዓላማው አነስተኛውን ገበሬ በምርጥ ዘርና በማዳበሪያ መርዳት ነበር፤ ምርቱም ጨመረ። ባለመሬቶቹ ግን ስንዴ አትራፊ መሆኑን ሲያዩ ትራክተርና ኮምባይነር እየገዙ ራሳቸው ማረስ ጀመሩ። ትራክተሩ በገባበት ማሳ ላይ ጭሰኛው አያስፈልግም፤ ብዙ ሺህ ጭሰኛ ከነቤተሰቡ ተፈናቀለ። ከጭሰኞቹ መካከል ስለ ሮቦት የሰማ አንድ ሰው የነበረ አይመስለኝም። ቻፔክ የጻፈውን ግን በሰውነታቸው አነበቡት። ሁዳድ ላይ ጉልበቱ የግድ ይፈለግ የነበረው ሰው፣ ጉልበቱ ከናካቴው የማይፈለግበት ቀን መጣበት። የትኛው እንደሚከፋ ከጭሰኛው በቀር ማን ሊፈርድ ይችላል? የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የመሬት አዋጅ «መሬት ለአራሹ» የሚለው ጥያቄ መልስ ሆኖ ሲመጣ፣ አራሹን ከማሳው ያስወጣው ትራክተርም ከጥያቄው ምክንያቶች አንዱ ነበር።

ዛሬም ከጎጃም ደጋ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ወደ መተማና ወደ ሁመራ የሚወርድ ወጣት ብዙ ነው፤ ሰሊጥ አጨዳ ነው የሚሄደው። ሰሊጥ እስካሁን የሰው እጅ ከሚያስፈልጋቸው ሰብሎች አንዱ የሆነው በፍሬው ጠባይ ነው። ቆባው ሲደርቅ ከላይ ይከፈትና ዘሩን ያፈሳል፤ ስለዚህ ሳይደርቅ ታጭዶ፣ በነዶ ታስሮ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ ይደርቃል፣ ከዚያም ተገልብጦ ይራገፋል። ኮምባይነር ይህን ትዕግሥት የለውም። በቴክሳስ ግን ሲደርቅ የማይከፈት የሰሊጥ ዝርያ ተዳቅሎ በማሽን ይታጨዳል። ያ ዘር አንድ ቀን ሁመራ ሲደርስ ደጋው ላይ ክረምቱን የሚቆጥረው ልጅ ምን እንደሚሠራ ከአሁኑ የሚጠይቅ ሰው እንዲኖር እመኛለሁ።

በ2010 ዓ.ም. ሶፊያ የተባለችው ሮቦት አዲስ አበባ መጥታ ነበር። በጉዞዋ ላይ አንዱ አካሏ በፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ጠፍቶ እንደነበር ጋዜጦች ጻፉ። ከሶፍትዌሯ ከፊሉን የሠሩት አዲስ አበባ ውስጥ በአይኮግ ላብስ የሚሠሩ ወጣት ኢትዮጵያውያን መሆናቸውም ተነግሯል። ሕዝቡ ፎቶ የተነሣው ከሶፊያ ጋር ነው። እኔ የወጣቶቹን ፊት ለማየት ብዙ ፈልጌ ነበር፤ በየጋዜጣው የወጣው ግን የጎማው ፊት ነው።

ሰውን በማሽን ውስጥ የመደበቅ ጥበብ የቆየ ነው። በ1770 እ.ኤ.አ. ቮልፍጋንግ ፎን ኬምፐለን በቪየና ቤተ መንግሥት የቱርክ ልብስ የለበሰ፣ ከትልቅ ሣጥን ጀርባ ተቀምጦ ቼዝ የሚጫወት አሻንጉሊት አሳየ። አሻንጉሊቱ ለአሥርት ዓመታት አውሮፓን ዞረ፤ በ1809 ከናፖሊዮን ጋር ሳይቀር ተጫወተ። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት የሣጥኑ በሮች ተከፍተው ጥርስና ዘንግ ብቻ እንዳለው ለተመልካች ይታያል። ሣጥኑ ውስጥ ግን ሻማ አብርቶ፣ ታጥፎ የተቀመጠ፣ የቼዝ ጎበዝ የሆነ ሰው ነበር። በ2005 እ.ኤ.አ. አማዞን የተባለው ኩባንያ ኮምፒውተር የማይችላቸውን ጥቃቅን ሥራዎች ሰዎች በሳንቲም የሚሠሩበትን ገበያ ሲከፍት የዚህን አሻንጉሊት ስም አወጣለት።

እንዲህ ያለው የተደበቀ ሥራ ኢትዮጵያውያንንም ይዟል። በናይሮቢ፣ ሳማ በተባለ ድርጅት ሕንፃ ውስጥ፣ በፌስቡክ ላይ የሚለጠፈውን ቪዲዮና ጽሑፍ እያዩ የሚያጣሩ ወጣቶች ይሠሩ ነበር፤ በአማርኛ፣ በትግርኛና በአፋን ኦሮሞ የሚለጠፈውን የሚያዩት የእኛው አገር ልጆች ነበሩ። የሰሜን ኢትዮጵያውን ጦርነት ዓመታት አስታውሱ። ሲገደል የተቀረጸ ሰው፣ የተቃጠለ ቤት፣ የሕፃን ሬሳ ያለበት ቪዲዮ ወደ እኛ ስልክ ሳይደርስ ቢቀር፣ አንድ ሰው ተቀምጦ አይቶታል ማለት ነው። ተጠቃሚው ማሽን ያጣራው ይመስለዋል። አጣሪዎቹ ያዩትን ለቤተሰባቸው እንኳ እንዳይናገሩ የሚያስገድድ ውል ፈርመው ነበር። ማሰሮው ይህ ነው፤ እኛም እንግዶቹ ነን። በቀላሉ ልንዘነጋው የማይገባንም ለዚህ ነው፤ የተገላገልነው ሥቃይ ከሰው ላይ አልወረደም፣ ወደማናየው ሰው ተዛወረ እንጂ።

እነዚህ ሠራተኞች ግን ዝም አላሉም። በ2023 እ.ኤ.አ. ከ180 የሚበልጡት የፌስቡክን ባለቤት ሜታንና ቀጣሪዎቻቸውን በኬንያ ፍርድ ቤት ከሰሱ፤ ከሥራ የተባረሩት በሕገወጥ መንገድ ነው፣ በአእምሯችን ላይ ለደረሰው ጉዳትም በቂ ሕክምና አልተሰጠንም ብለው ተከራከሩ። ኩባንያዎቹ ክሱን ተቃወሙ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 23 ቀን፣ በዓለም የሠራተኞች ቀን፣ ለፌስቡክ፣ ለቲክቶክና ለቻትጂፒቲ ይዘት ሲያጣሩና መረጃ ሲሰይሙ የኖሩ ከ150 የሚበልጡ ሠራተኞች በናይሮቢ ተሰብስበው የራሳቸውን ማኅበር ለማቋቋም ድምፅ ሰጡ።